«ልጄ ትልቁን የሚያበረው መቼ ነው?»

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ጥቂት ዓመት የኖረ ሰው አውሮፕላንን በጆሮው ይለያል። ከቦሌ ወደ ምሥራቅ የሚነሳው ብዙ ጊዜ በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው። ትልልቆቹ ጄቶች ሲያልፉ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። አገር ውስጥ የሚመላለሰው የትንሹ አውሮፕላን፣ የኪው 400፣ ድምፅ ግን ሌላ ነው። ባለ ስድስት ክንፍ ሁለት ፕሮፔለሮች አሉት፤ ወፍራም፣ የማይቆራረጥ ድምፅ ያወጣል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከሰማሁት «ይኼ ባህር ዳር ነው፣ ካልሆነም ጅማ» እላለሁ።

ፊት ለፊት በር ያሉት ጎረቤታችን ከእኔ በላይ ይለያሉ። ልጃቸው የዚያ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሰርቪስ ሲመጣለት፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ አራት ፎቅ ሲወርድ ኮቴው ይሰማኛል። እሳቸው ነጠላቸውን ተከናንበው እስከ ደረጃው ይሸኙታል። ነጭ ሸሚዙን ውጭ አያሰጡም። የሠፈራችን አቧራ አይምርማ! ሳሎን ውስጥ ገመድ ወጥረው ነው የሚያደርቁለት።

ባለፈው ሰሞን ቡና ጠሩኝ። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ እንዲህ አሉኝ፦ «አንተ ይህን ነገር ታነባለህ። እስቲ ንገረኝ፣ ልጄ ትልቁን የሚያበረው መቼ ነው? ሰው ሁሉ ‹ያንን ባለ ፕሮፔለሩን ነው እንዴ?› እያለ ይጠይቀኛል።»

ጥያቄው ገብቶኛል። እኛ ዕድገትን የምናውቀው በሹፌር ነው። ሹፌር ከሚኒባስ ወደ አይሱዙ፣ ከአይሱዙ ወደ ተሳቢ ያድጋል። መኪናው በተለቀ ቁጥር ሰውየውም ትልቅ ይሆናል። አብራሪም እንዲሁ ይመስለናል። ለእሳቸው ቡና ላይ በአጭሩ ነገርኳቸው። ነገሩ ግን ሰፋ ያለ ነው፤ ብዙ ቤተሰብም ይህንኑ ይጠይቃልና እዚህ ላይ ዘርዘር ላድርገው።

የእሳቸው አስተሳሰብ ልክ የሚሆንበት አገር አለ። አሜሪካ። እዚያ ቲኬቱ ላይ «ዴልታ» ወይም «ዩናይትድ» ይላል፤ አውሮፕላኑም በዚያው ቀለም ተቀብቷል። ትንሽ ጄት ከሆነ ግን አብራሪው የሌላ ኩባንያ ሠራተኛ ነው። ስካይዌስት ሊሆን ይችላል፣ ሪፐብሊክ ሊሆን ይችላል። እነዚህን «ሪጅናል» ይሏቸዋል። ለትልልቆቹ በኮንትራት ይበራሉ። የትልልቆቹ አብራሪዎች ማኅበራት ደግሞ ሥራቸው ተቆርሶ ለርካሽ ኩባንያ እንዳይሰጥ በውላቸው ላይ ገደብ አስረዋል። በአብዛኛው ሪጅናሉ ከ76 መቀመጫ በላይ ያለው አውሮፕላን ለእነሱ ማብረር አይችልም።

ስለዚህ የሪጅናል አብራሪ ማደግ ሲፈልግ ቀጣሪ መቀየር አለበት። ዕድገት ሳይሆን አዲስ ቅጥር ነው። ትልቁ ኩባንያ ሲገባም ከታች ይጀምራል። ሪጅናሉ ላይ 10 ዓመት ካፒቴን የነበረ ሰው ትልቁ ቤት ሲደርስ ረዳት ሆኖ በቀኝ ወንበር ይቀመጣል። ሁሉን የሚወስነው የተቀጠረበት ቀን ነው። የትኛውን አውሮፕላን እንደሚያበር፣ የትኛው ከተማ እንደሚመደብ፣ የገናን በዓል ቤቱ የሚውለው ማን እንደሆነ፣ ሁሉም በዚያ ቀን ይለካል። ለዚህ ነው እዚያ አብራሪዎች ለመግባት የሚጣደፉት። አንድ ወር መዘግየት ዕድሜ ልክ ይከተላል።

ይህ መሰላል ለረጅም ጊዜ ሰው ይበላ ነበር። ሪጅናሎቹ የሚከፍሉት ደመወዝ አሳፋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ማታ ኮልጋን ኤር የሚባል ሪጅናል ኩባንያ አውሮፕላን ኒውዮርክ ግዛት፣ ቡፋሎ አጠገብ ወደቀ። 49 ተሳፋሪና ሠራተኛ፣ መሬት ላይ ደግሞ አንድ ሰው ሞተ። አውሮፕላኑ ኪው 400 ነበር፤ የጎረቤቴ ልጅ የሚያበረው ዓይነት። ምርመራው ሲካሄድ ረዳት አብራሪዋ ከሲያትል አገሩን አቋርጣ፣ ሌሊቱን በሌላ አውሮፕላን ተጉዛ ሥራ እንደገባች ታወቀ። በምትሠራበት ከተማ ቤት መከራየት ደመወዟ አይችልም ነበር። ይህን ያነበብኩ ቀን ብዙ አሰብኩ። ሰው ሕይወቱን የሚያስረክባት ወጣት የምታርፍበት አልጋ አልነበራትም።

የሟቾቹ ቤተሰቦች ዝም አላሉም። ኮንግረሱን ለወራት ደጅ ጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሕግ ወጣ፤ በ2013 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት ረዳት አብራሪ በ250 ሰዓት የበረራ ልምድ መቀጠር ይችል ነበር። አሁን 1,500 ሰዓት ይጠየቃል። ከአየር ኃይል ለመጣ 750፣ በአቪዬሽን ዲግሪ ላለው 1,000 ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን። በኮልጋኑ አደጋ ካፒቴኑ 3,379 ሰዓት ነበረው። ረዳቷ 2,244። ሁለቱም ከ1,500 በላይ ናቸው። ሕጉ ቀድሞ ቢወጣ ኖሮ አንዳቸውንም ከዚያ ወንበር አያነሳም ነበር። አውሮፕላኑ ፍጥነት አጥቶ ከአየር ሊወድቅ ሲል ካፒቴኑ መግፋት ሲገባው መሪውን ወደ ራሱ ሳበ። ይህ የሥልጠናና የድካም ጉዳይ ነው። ሰዓት ቢደመር አይፈታውም።

የሕጉ ደጋፊዎች መልስ አላቸው። ከዚያ አደጋ በኋላ እስከ ጃንዋሪ 2025 ድረስ የአሜሪካ አየር መንገዶች እንዲህ ያለ ትልቅ አደጋ አልገጠማቸውም። ይህን አላቃልልም። ነገር ግን ያው ሕግ የዕረፍት ሰዓትንም አጠበቀ፤ አውሮፕላን ፍጥነት ሲያጣ እንዴት እንደሚድን በሲሙሌተር፣ መሬት ላይ በተተከለ የበረራ ማስመሰያ፣ መለማመድንም ግዴታ አደረገ። እኔ ሰው ያዳኑት እነዚህ ይመስሉኛል። 1,500ው በአብዛኛው ያመጣው ወረፋ ነው። ልጁ 250 ሰዓት ይዞ ይመረቃል፤ የቀረውን ለመሙላት ሴስና በምትባል ትንሽ አውሮፕላን ያስተምራል፣ ማስታወቂያ ጨርቅ እየጎተተ ባሕር ዳርቻ ላይ ይዞራል። የሥልጠናው ዋጋ ከ100 ሺህ ዶላር ያልፋል፤ አብዛኛው በብድር ነው።

ወረፋው ግን ሳይታሰብ አንድ በጎ ነገር አመጣ። በኮቪድ ጊዜ ትልልቆቹ ኩባንያዎች አንጋፋ አብራሪዎችን ጡረታ አስወጡ። በ2022 ገበያው ሲመለስ ሰው ጠፋ። የአሜሪካን ኤርላይንስ ሦስት ሪጅናሎች፣ ኤንቮይ፣ ፒድሞንትና ፒኤስኤ፣ ለጀማሪ ረዳት አብራሪ በሰዓት 90 ዶላር እንከፍላለን አሉ። ሌሎቹም ተከተሉ። ትንሽ አውሮፕላን ማብረር እዚያ አገር እንጀራ የሆነው በቅርቡ ነው ማለት ነው።

ወደኛ እንመለስ።

የኢትዮጵያ መሰላል ከመሠረቱ የተለየ ነው። እኛ ዘንድ «ሪጅናሉ» እና «ትልቁ» አንድ ቤት ናቸው። ጎንደርና አክሱም የሚሄደው ኪው 400ም ዋሽንግተን የሚሄደው ጄትም የአንድ ቀጣሪ ነው። አየር መንገዱ አብራሪዎቹን ራሱ ያሠለጥናል፤ የአብራሪዎች ትምህርት ቤቱ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ልጁ ይፈተናል፣ ያልፋል፣ የአገልግሎት ውል ይፈርማል፣ ይሠለጥናል፣ ከዚያ በጥቂት መቶ ሰዓት ልምድ በቀኝ ወንበር ይቀመጣል።

ይህ የእኛ ብቻ አሠራር አይደለም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ 1,500 ሰዓት የሚጠየቀው ካፒቴን ለመሆን ነው። ለረዳትነት የንግድ በረራ ፈቃድ ይበቃል፤ እሱ ደግሞ 200 ሰዓት ነው፣ በተፈቀደለት ትምህርት ቤት ከሆነ 150። አውሮፓም እንዲሁ ነው። ራያንኤር ላይ በ200 ሰዓት የተቀጠረ ልጅ ቦይንግ 737 ውስጥ ተቀምጦ ያገኙታል። ለየት ያለችው አሜሪካ ናት።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የሆነውን የእኛ ሠፈር አይረሳውም። በረራ 302 ከቦሌ በዚህ በእኛ በኩል ነው የወጣው። ከ6 ደቂቃ በኋላ ጊምቢቹ ወረዳ፣ ቱሉ ፈራ ላይ ወደቀ። 157 ሰው። ካፒቴኑ 29 ዓመቱ ነበር፣ 8,122 ሰዓት ነበረው። ረዳቱ 25 ዓመቱ፣ 361 ሰዓት።

ያን ጊዜ የውጭ ሚዲያ 361ን ይዞ ሮጠ። «አሜሪካ ቢሆን ያ ልጅ እዚያ ወንበር ላይ አይቀመጥም ነበር» ተባለ። ያኔ ተናድጄ ነበር፤ ዛሬም አልበረደልኝም። ምክንያቱም ከ4 ወር ተኩል ገደማ በፊት፣ ጥቅምት 19፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያው ዓይነት አውሮፕላን፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ ወድቆ 189 ሰው ሞቷል። የዚያ የላየን ኤር አውሮፕላን ካፒቴን ከ6,000 ሰዓት በላይ ነበረው። ረዳቱም ከ5,000 በላይ። ኤምካስ የተባለው ሲስተም በአንድ የተበላሸ ሴንሰር ተታሎ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ሲደፋ፣ 5,000ውም 361ውም አላዳነም። የኢትዮጵያ የመጨረሻ ሪፖርት ጥፋቱን በዚያ ሲስተም ላይ አስቀምጧል። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የአብራሪዎቹ ምላሽም በሰፊው መመርመር ነበረበት ብሎ ተከራክሯል፤ ይህንንም አንባቢ ማወቅ አለበት። ነገር ግን አውሮፕላኑ በዓለም ዙሪያ የታገደውና ሶፍትዌሩ እንደገና የተሠራው የአብራሪ ሰዓት ስላነሰ አልነበረም።

ታዲያ አብራሪን አብራሪ የሚያደርገው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው ጎረቤቴ የናቁት ባለ ፕሮፔለር የሚመጣው።

የልጃቸውን አንድ ቀን እንይ። ጎህ ሲቀድ ከቦሌ ይነሳል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው። አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ክንፉም በሙሉ ጉልበት አይሠሩም። ትልልቆቹ ጄቶች ወደ አሜሪካ ሲሄዱ መንገድ ላይ አርፈው ነዳጅ የሚሞሉት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ልጁ ባህር ዳር ያርፋል። መንገደኛ ይወርዳል፣ መንገደኛ ይሳፈራል። ይመለሳል። ቀጥሎ ላሊበላ፤ ተራራ በተራራ ነው። ይመለሳል። አራት ጊዜ ተነስቷል፣ አራት ጊዜ አርፏል። አንዱን በረራ እሱ ይይዛል፣ ሌላውን ካፒቴኑ። ክረምት ከሆነ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይቆለልና በጥቁር ሰማይ መካከል መንገድ እየፈለጉ መሄድ ነው።

አሁን የትልቁን አውሮፕላን ረዳት እንይ። 13 ወይም 14 ሰዓት ይበራል። አብራሪዎቹ ሦስት ወይም አራት ናቸው፤ ተራ እየገቡ ይተኛሉ። ማረፍ ያለው አንድ ጊዜ ነው። ያንንም ከመካከላቸው አንዱ ነው የሚያሳርፈው። ሎግ ቡኩ፣ የበረራ መዝገቡ፣ ላይ ሰዓቱ ቶሎ ይሞላል። እጁ ግን ትንሽ ነው የሠራው። አንድ አብራሪ መንገደኛ ለመጫን በ90 ቀን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሦስት ጊዜ ማረፍ አለበት። ይህን ቁጥር ለመሙላት ሲሙሌተር የሚገቡ የረጅም ርቀት አብራሪዎች አሉ። የጎረቤቴ ልጅ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል።

ስለዚህ አንድ ሺህ ሰዓት እና አንድ ሺህ ሰዓት እኩል አይደሉም።

መሰላሉም ቀጥ ያለ አይደለም። ካፒቴን አምሳለ ጓሉን እንውሰድ። የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ናቸው። ረዳት ሆነው እስከ ቦይንግ 757 እና 767 ደርሰዋል። ጥቅምት 2003 ዓ.ም. ካፒቴን ሲሆኑ ግን የያዙት ኪው 400 ነው። ከትልቁ ጄት ወደ ባለ ፕሮፔለሩ መምጣታቸው ዕድገት ነበር። ትከሻ ላይ አራተኛው መስመር የሚጨመረው በግራ ወንበር ሲቀመጡ ነው። ከ5 ዓመት በኋላ ሠራተኞቹ በሙሉ ሴቶች የሆኑበትን የባንኮክ በረራ መርተዋል። የጎረቤቴም ልጅ አንድ ቀን ትልቁን ያበራል፤ ከዚያ ካፒቴን ሆኖ ወደ ትንሹ ሊመለስ ይችላል። ያን ቀን ሠፈሩ «ዝቅ አደረጉት እንዴ?» እንዳይል ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ሌላው የሚወራው የገልፍ ነገር ነው። ኤምሬትስ፣ ኳታር፣ ኢትሃድ። ደመወዙ በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ቤትና የልጅ ትምህርት ይጨመርበታል። የሄደውን አልፈርድበትም። ለብዙ ወጣቶች ግን ያልተነገራቸው ነገር አለ፤ የባሕረ ሰላጤው ትልልቅ ኩባንያዎች ልምድ ያለው ሰው ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ በጄት ላይ የተበረረ ሰዓት ነው የሚጠይቁት። የፕሮፔለር ሰዓት በግማሽ ዓይን ነው የሚታየው። ያ ሁሉ የላሊበላ ማረፍ እዚያ ወረቀት ላይ ያንሳል። ትክክል አይመስለኝም፤ ገበያው ግን እንዲህ ነው።

አገር ቤትም ቢሆን ወንበር ሊጨመር ነው። አየር መንገዱ እስከ 2035 እ.ኤ.አ. 271 አውሮፕላን ለማድረስ አቅዷል። ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ ላይ የታቀደው ኤርፖርት ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሏል። አብራሪ በአንድ ዓመት አይበቅልም። ዛሬ በቀኝ ወንበር ያልተቀመጠ ልጅ ያን ጊዜ ካፒቴን አይሆንም።

የሚያሳስበኝ እዚህ ጋ ነው፤ ከራሴ ቤትም ልናገር። የእህቴ ልጅ አብራሪ ነው። ማለቴ፣ ፈቃድ አለው። በግል ትምህርት ቤት በቤተሰብ ገንዘብ ነው የተማረው። እህቴ ለቡ ያለውን ቦታዋን ሸጣለች። ሲጀምር «ስትጨርስ ሥራ ሞልቷል» ብለውት ነበር። 200 ሰዓቱን ሞልቶ ወጣ፤ ሥራ የለም። የግል ኩባንያዎቹ የሚያበሩት አብዛኛው ሴስና ካራቫን የመሳሰለ ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ ቁጥራቸውም በጣት የሚቆጠር ነው። በራሱ ገንዘብ የሠለጠነ ልጅ የሚገባበት በር ጠባብ ነው።

ፈቃድ ደግሞ እንደ ዲግሪ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቀመጥም። ሜዲካሉ፣ የጤና ምርመራ ወረቀቱ፣ በየዓመቱ ይታደሳል። ውጭውን ሳያይ በመሣሪያ ብቻ የማብረር ብቃቱ ይፈተናል። ሁሉም ገንዘብ ነው። ልጁ አሁን ቀን ቀን በአፕሊኬሽን ታክሲ ይሠራል። ሎግ ቡኩን ከመኪናው ዳሽቦርድ ውስጥ አውጥቶ አሳየኝ። በላስቲክ ጠቅልሎታል። የመጨረሻው መስመር ላይ የተጻፈው በረራ ከተደረገ ሁለት ዓመት አልፎታል።

አሜሪካዊው ወጣት ወረፋው ረጅም ነው፤ ደረጃው ግን ብዙ ነው። አስተማሪነት አለ፣ የዕቃ ጭነት በረራ አለ፣ ሪጅናል አለ። አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይከፈታል። የእኛ መሰላል አጭር ነው፣ ፈጣን ነው፣ ለገባበት ልጅ መልካም ነው። በውጭ ለቀረው ግን መርገጫ የለውም። ሦስት ነገር ቢሆን ብዬ እመኛለሁ። የግል ትምህርት ቤት ተማሪ ከመክፈሉ በፊት ካለፈው ዓመት ተመራቂዎች ስንቱ ሥራ እንደያዘ በጽሑፍ የመጠየቅ መብት ይኑረው፤ ትምህርት ቤቱም ይመልስ። በካራቫን ላይ የተበረረ ሰዓት ወደ ትልቅ አውሮፕላን ሲኬድ በግልጽ መለኪያ ይቆጠር። ፈቃድ ይዞ ለተቀመጠ ልጅ ደግሞ በዓመት አንዴ እንኳ ከሲሙሌተር የሚያስገባ ፈተና ይኑር። ካለፈ ይግባ፣ ከወደቀም አውቆት ሌላ ሕይወት ይጀምር። የእህቴን ልጅ የገደለው መጠበቁ ነው።

ለጎረቤቴ ቡና ላይ ይህን ሁሉ አላልኳቸውም። የነገርኳቸው ስለ ማረፍና መነሳቱ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ጨመርኩ። በኮክፒት፣ በአብራሪዎቹ ክፍል፣ ውስጥ ከእጅ ሥራ እኩል የሚሠለጠን ነገር አለ፤ ወጣቱ ረዳት ካፒቴኑ ሲሳሳት ካየ ወዲያው እንዲናገር ነው። ማክበር ሌላ፣ ዝም ማለት ሌላ ነው። ዝም በማለት የወደቁ አውሮፕላኖች አሉ። አጭር በረራ ደግሞ ይህን ያለማምዳል፤ በቀን አራት ጊዜ፣ በየወሩ ከተለያየ ካፒቴን ጋር።

ጎረቤቴ ሲኒውን አስቀመጡ። «ለታላቁ ‹ተሳስተሃል› ይለዋል? አንቱ ሳይል?»

ልጁ ያን ቀን ዕረፍት ነበር። ሶፋው ላይ ሆኖ ሳቀ። «በእንግሊዝኛ እኮ ነው የምናወራው እማዬ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም።»

እሳቸው አልሳቁም። ይህንን ልጅ በትልቅ ሰው ንግግር መሀል እንዳይገባ አድርገው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ሠፈሩ ሁሉ በጨዋነቱ ነው የሚያውቀው። ቆሎውን እያሻሹ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሦስተኛውን ቀዱልን።

በማግስቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የሰርቪሱ ክላክስ ቀሰቀሰኝ። ኮቴው ደረጃው ላይ ተሰማ። ሁልጊዜ «በል በርታ፣ እመብርሃን ትከተልህ» ነበር የሚሉት። ያን ሌሊት አንድ ቃል ጨመሩበት፦

«ዝም እንዳትል።»